ስሙ ያልታወቀ ወታደር መቃብር፦ የተሠሩት በባለሙያ ዓይን ሲመዘኑ

ስማቸው ሳይታወቅ ለወደቁ ወታደሮች ብሔራዊ መቃብር ንደፍ የተባለ አርክቴክት ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚስለው ከመሬት በላይ የሚቆመውን ነው። አስከሬኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ክዳኑ እንዴት እንደሚነሣ፣ የዝናቡ ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ የሚታሰበው ሥዕሉ ጸድቆ ጨረታው ከወጣ በኋላ ነው። በየአገሩ የተሠሩት መቃብሮች ሲመረመሩ አብዛኛው ችግራቸው ከዚሁ ይመነጫል፤ ለምረቃው ቀን ተነድፈው ሃምሳኛው ዓመት ሲደርስ ማን ምን እንደሚያደርግላቸው አልታሰበም። እዚህ የምንመዝነውም በዋናነት አሠራራቸውን ነው፤ የቱ ይቀዳል፣ የቱ ይታለፋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን አቴናውያን በጦርነት የሞቱባቸውን ሲቀብሩ አስከሬናቸው ላልተገኘ ሰዎች አንድ ባዶ ቃሬዛ አንጥፈው ያጅቡ ነበር። ያንን የሚናገረው ጥንታዊ ጽሑፍ ዛሬም አቴንስ ሲንታግማ አደባባይ በ1932 በተመረቀው መቃብር ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይነበባል። በዘመናችን መልኩን የያዘው ግን ኖቬምበር 11 ቀን 1920 ነው፤ በዚያ አንድ ቀን ለንደንም ፓሪስም ያልታወቀ ወታደራቸውን በክብር ተቀበሉ።

ለንደን፣ ዌስትሚኒስተር አቢ

ከሁሉም ቀድሞ የተሠራው ይኸው ነው፤ በቀላልነቱም እስካሁን የሚበልጠው የለም። ሐውልት የለውም፣ ከወለሉ ከፍ ያለ ነገርም የለውም። በቤተ ክርስቲያኑ ምዕራባዊ በር አጠገብ ወለሉ ተቆፍሮ፣ ሣጥኑ ገብቶ፣ ጉድጓዱ ከጦር ሜዳ በ100 ከረጢት በመጣ አፈር ተሞላ። በላዩ የተነጠፈው ጥቁር ድንጋይ ከቤልጂየም ናሙር አካባቢ የወጣ ሲሆን፣ ፊደሎቹ ከቀለጠ የጦር ሜዳ ጥይት ናስ የተሠሩ ናቸው። ወለሉ በመቃብር ድንጋይ የተሞላ ነው፤ ሕዝቡም ነገሥታቱን ሳይቀር እየረገጠ ያልፋል። በዚህ አንድ ድንጋይ ላይ ግን ማንም አይረግጥም፤ የንጉሥ ሰልፍ እንኳ ዞሮት ነው የሚሄደው። ይህን ያህል ክብር ያለ አጥርና ያለ ደረጃ፣ ጠርዙን በከበቡት ቀይ አበቦች ብቻ ማግኘት ትልቅ የንድፍ ጥበብ ነው።

ሆኖም ይህን ሥራ አይቶ ውጭ ሜዳ ላይ ለመድገም የሚነሣ ሰው ይጠንቀቅ። ድንጋዩ በንግድ ስሙ ጥቁር እብነ በረድ ይባል እንጂ በተፈጥሮው የኖራ ድንጋይ ነው። ጣሪያ ሥር እስካለ እንደ መስታወት ያበራል። ዝናብ ሲያገኘው ግን የዝናቡ ትንሽ አሲድ ፊቱን ይበላውና ልስላሴው ጠፍቶ አመድማ ይሆናል። ውጭ ጥቁር የሚፈልግ ጥቁር ግራናይት ይዘዝ። ፊደሎቹም ሌላ ጣጣ አላቸው፤ ናስ በሙቀት ከኖራ ድንጋይ ሁለት እጥፍ በላይ ይለጠጣል። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ በሚፈራረቅበት ቦታ ፊደሉ ጎድጓዳውን እየገፋ ይላላና አንድ ቀን ተነቅሎ ይገኛል። የግድ ናስ ይሁን ከተባለ ከእያንዳንዱ ፊደል ጀርባ ቢያንስ ሁለት እግር ይውጣ፤ እግሮቹም በሚለጠጥ ማጣበቂያ ይያዙ እንጂ በሲሚንቶ አይደፈኑ። ነቀፌታችን አንድ ነው፤ ጽሑፉ ረዝሟል። መሐሉ በዋናው ቃል ጢም ብሎ ሳለ በአራቱም ጠርዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ተጨምሮበታል፤ ሁሉንም ለማንበብ ድንጋዩን መዞር ያስፈልጋል።

ማንን ነው የሚቀብሩት?

ይህ የታሪክ አዋቂዎች ጉዳይ እየመሰለ ከንድፍ ባለሙያው እጅ ይወጣል። ሊወጣ አይገባም፤ የጓዳውን መጠን፣ የክዳኑን ዓይነት፣ የጽሑፉንም ቃል የሚወስነው ይኸው ጉዳይ ነው። የፈረንሳዮች አሠራር እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ ይወሰዳል። ከዘጠኝ ግንባሮች አንዳንድ አስከሬን እንዲመጣ ታዘዘ፤ አንዱ ግንባር የሚልከው ሰው ፈረንሳዊ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ስላጣ ቬርደን የደረሱት ስምንት ሣጥኖች ብቻ ሆኑ። የ132ኛው ክፍለ ጦር ወታደር ኦጉስት ታን የክፍሉን ቁጥር 1፣ 3 እና 2 ደምሮ ስድስተኛው ሣጥን ላይ አበባ አኖረ። ጣልያኖች በ1921 አኩሊያ ላይ 11 ሣጥን ደርድረው ልጇ ያልተገኘላትን ማሪያ ቤርጋማስን አስመረጡ። አሜሪካኖቹ በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ ከተማ ሻሎን ላይ ለአንድ ሳጅን አራት ሣጥን አቅርበው በነጭ ጽጌረዳ አስመረጡ። ሥነ ሥርዓቱ ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፤ ወገኑ የተረጋገጠ፣ ማንነቱ ግን ከማንም መዝገብ የማይገኝ ሰው ያስፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ለወገኑ ማረጋገጫ የሚሆነው ቁልፍ፣ ጫማ ወይም የልብስ ቁራጭ ለማንነቱም ፍንጭ ይሆናልና።

የአሜሪካው ብሔራዊ መካነ መቃብር አርሊንግተን የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በ1984 የቬትናም ጦርነት ያልታወቀ ወታደር ተብሎ የተቀበረው፣ ቀድሞ ስሙ ያለበት ፋይል የነበረውና ከአስከሬኑ ጥቂት አጥንቶች ብቻ የተገኙለት ሰው ነበር። ቤተሰብና ጋዜጠኛ ሲጎተጉቱ ሜይ 14 ቀን 1998 ጓዳው ተከፈተ፤ ዲኤንኤው ተመርምሮም የአየር ኃይሉ መኮንን ማይክል ብላሲ መሆኑ ታወቀና ለቤተሰቡ ተመለሰ። ጓዳው ሌላ አስከሬን ሳይገባበት ባዶውን ቀረ፤ በ1999 ክዳኑ ላይ ለጠፉት የአገሪቱ ወታደሮች የሚታመን ቃል ኪዳን የሚገልጽ አዲስ ጽሑፍ ተቀረጸ። እኛ ባዶውን መተዋቸውን ከዚያ ቅጥር ውስጥ ካሉት ውሳኔዎች ሁሉ አስበልጠን እናያለን፤ ሌላ አጥንት ፈልጎ መሙላት ይቻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሠሩት ካናዳና ኒውዚላንድ ከፈረንሳይ ምድር የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ሰው መምረጣቸው ብልህነት ነው። ግን ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። እዚያው ፈረንሳይ ፍሮሜል አጠገብ በ2009 ከጅምላ መቃብር ከወጡት 250 የዚያው ጦርነት ወታደሮች ከ160 የሚበልጡት በዲኤንኤና በማስረጃ ስም አግኝተዋል። ስለዚህ ዛሬ የሚነደፍ መቃብር ሁለት ነገር ይሟላለት። አንደኛ፣ ከምርጫው በፊት እያንዳንዱ እጩ አስከሬን ካለው የቤተሰብ ናሙና ጋር ይነጻጸር፤ ትንሽ ፍንጭ እንኳ ያለው ከዝርዝሩ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ክዳኑ ሳይሰበር የሚነሣ ይሁን። የ2.40 ሜትር በ1.20፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግራናይት ክዳን አንድ ቶን ተኩል ያልፋል። የማንሻ ቀዳዳው ከጎኑ ተደብቆ ካልተበጀለት በኋላ የሚመጣው ሰው በመዶሻና በመፈልፈያ ነው የሚገባው። ክዳኑና ግድግዳው በሲሚንቶ ቅይጥ አይጣበቁ፤ የ10 ሚሊ ሜትር የጎማ ወይም የእርሳስ ንጣፍ ላይ ይቀመጥ፣ ዙሪያውም በሚላጥ ማሸጊያ ይታሸግ።

አርሊንግተን፣ ድንጋዩ

ነጩ እብነ በረድ ከሩቅ ሲያዩት ያፈዛል፤ ቅርብ ሲደርሱ ደግሞ ስንጥቁ ይታያል። በ1921 የተነጠፈው ዝርግ ድንጋይ ብቻ ስለነበር ጎብኚው እንደ መናፈሻ ወንበር ይቀመጥበት፣ ምግብም ይበላበት ነበር። ከ1926 ጀምሮ ወታደር ዘብ የቆመው፣ ከ1937 ወዲህም ቀን ከሌሊት የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍለት ዘቡ የሚመላለሰው የ21 እርምጃ ጉዞ መነሻው የንድፍ ጉድለት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ዋናው ሥራ በ1932 ሲያልቅ ትልቁ ድንጋይ ከኮሎራዶው የዩል የድንጋይ ካባ ተፈልፍሎ የወጣው 56 ቶን ሆኖ ነበር። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግን በጎኖቹ ላይ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ ታየ፤ ርዝመቱ ሲደመር ከ10 ሜትር በላይ ነው። በ1989 እና በ2010 በሙሌት ተጠግኗል። አውጥተን በአዲስ እንተካው የሚሉና ዋናው ይጠገን የሚሉ ወገኖች ተሟግተው ጥገናው አሸንፏል፤ ትክክልም ነው። መዋቅሩን የማይጎዳ ስንጥቅ ታሪካዊውን ድንጋይ ለመጣል ምክንያት አይሆንም።

የእብነ በረድ ባሕርይ ለእንዲህ ያለ ነገር ያጋልጣል። ያቀፈው ካልሳይት የሚባለው ክሪስታል ሲሞቅ በአንድ በኩል ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል ይኮማተራል። ጎረቤት የሆኑት ቅንጣቶች አቅጣጫቸው ስለሚለያይ በየቀኑ ሙቀትና ቅዝቃዜ እርስ በርስ እየተፋተጉ ይላላሉ፤ ውሃ በመካከላቸው ይገባል፣ ብርድ ባለበት አገርም በረዶ ሆኖ ይፈለቅቃቸዋል። በአንድ ግዙፍ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ደም ሥር የሚመስል ቀጭን መስመር ካለ ስንጥቁ እሱን ይከተላል። ስለዚህ ድንጋይ ሲመረጥ ካታሎግ ማየት አይበቃም። ካባው ድረስ ሄዶ ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ በውሃ ማራስና ሲደርቅ መጠበቅ ነው፤ ሌላው ፊት ሲነጣ ጥቁር ሆኖ የሚዘገይ መስመር ካለ እዚያ ውስጥ ስንጥቅ አለ። በመዶሻም ይመታ፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የታመመው ይደነቁራል። ከዚያ በኋላ ነው የድምፅ ሞገድ መሣሪያ የሚመጣው።

በተረፈ ግዙፍ የመሆን ጉጉት ራሱ መታረም አለበት። አንድ 50 ቶን ድንጋይ ከአምስት አሥር አሥር ቶን ይልቅ ለማጓጓዝ ልዩ መንገድ፣ ለማቆም ልዩ ክሬን ይጠይቃል፤ ሲበላሽም ሁሉ ነገር ይበላሻል። መገጣጠሚያው በጥንቃቄ ከተቀመጠ ተመልካቹ አይቆጥረውም። ድንጋዮቹን የሚያያይዘው ካስማ ደግሞ ተራ ብረት ፈጽሞ አይሁን። ብረት ሲዝግ መጠኑ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ያብጣል፤ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፣ ቡናማ እንባም ያስነባዋል። ደረጃው 316 የሆነ የማይዝግ ብረት ይታዘዝ፣ ማረጋገጫ ወረቀቱም ዕቃው ሲገባ ይጠየቅ። ተቋራጭ ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚለውጠው ይሄንን የማይታይ ካስማ ነው።

ኦታዋና ዌሊንግተን

የካናዳው በሜይ 28 ቀን 2000 የተመረቀ ሲሆን፣ አስከሬኑ የመጣው ከቪሚ ሸንተረር አካባቢ ካባሬ ሩዥ መካነ መቃብር ነው። በግራናይቱ ላይ የቀራጺዋ ሜሪ አን ሊዩ የነሐስ ሥራ ተጋድሟል፤ የራስ ቁር፣ ሰይፍ፣ የሜፕልና የሎረል ቅጠል። በቁመቱ ተመጣጣኝ ነው፤ ልጅም አዋቂም እጁን ሊያሳርፍበት ይችላል። ሕዝቡ በመታሰቢያው ቀን ደረቱ ላይ የሰካውን ቀይ አበባ አውልቆ በነሐሱ ላይ መተው የጀመረው ማንም ሳያዘው ነው፤ ንድፉ ሰዉን መጋበዙን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

መጋበዙ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ2006 ሰዎች እዚያው መታሰቢያ ላይ ሲሸኑ በፎቶ ታይተው አገር ተቆጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት የክብር ዘብ ቆመ። አርሊንግተን የደረሰበት ከሰማንያ ዓመት በኋላ ተደገመ ማለት ነው። ክፍት መቃብር የሚነድፍ ሰው የዘቡን መቆሚያ፣ መጠለያ፣ መብራትና የሚለብስበትን ክፍል ከመጀመሪያው ፕላን ውስጥ ያስገባ፤ በኋላ ሲጨመር የፕላስቲክ አጥርና የዘብ ሣጥን ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ ሥራ የሚቀዳው ረቂቅ ነገር ግን መቃብሩ ጋ አይደለም። ወታደሩ ፈረንሳይ ሳለ የነበረው የራስጌ ድንጋይ አገሩ ገብቶ በጦርነት ሙዚየሙ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሟል። ኖቬምበር 11 ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ (በእነሱ 11 ሰዓት) በአንዲት መስኮት የሚገባው ፀሐይ ልክ እሱ ላይ ያርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የፀሐይን አቅጣጫና ከፍታ አስልቶ መስኮት መክፈት ብቻ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ የምትሠራው አንዲት ቀን ስለሆነች ግን ግንበኛው በአንድ ዲግሪ ከተሳሳተ ሁሉም ከንቱ ነው።

ነሐስን በግራናይት ላይ ማጋደም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ቅርጹ ጎድጓዳ ባለበት ሁሉ ውሃ ይቋጥራል፤ ከየጎድጓዳው ዝቅተኛ ቦታ የ8 ሚሊ ሜትር መውጫ ይበጅ። ከነሐስ የሚወርድ ውሃ ድንጋዩን አረንጓዴ ያደርጋል፤ በጥቁር ግራናይት ላይ እምብዛም አይታይም፣ በነጭ ድንጋይ ላይ ግን ከያዘ አይለቅም። ጠርዙ ሥር ጠብታ መቁረጫ ጎድጎድ ያለው ነሐስ ብዙውን ያድናል። በዓመት አንድ ጊዜ በሙቅ ሰም መቀባትም ግዴታ ነው፤ ይህ ካልተደረገ አምስት ዓመት ሳይሞላ ዥንጉርጉር ይሆናል።

ዌሊንግተን ኖቬምበር 11 ቀን 2004 የተመረቀው የኪንግስሊ ቤርድ ሥራ በአጭሩ ምርጥ ነው። ጥቁር ግራናይቱ የሌሊት ሰማይ ነው፤ በላዩ የተገጠሙት ፈካ ያለ ድንጋይ መስቀሎች ደቡባዊውን የከዋክብት መስቀል ያስታውሳሉ። የነሐሱን መጎናጸፊያም የአገሩ አረንጓዴ ድንጋይ መስቀሎች ያስጌጡታል። ወታደሩ በሞተበት አገርና በተቀበረበት አገር መካከል ያለውን ርቀት ያለ አንድ ቃል ይናገራል። ለጠራቢው ግን ፈታኝ ነው፤ ሁለት ጥንካሬያቸው የሚለያይ ድንጋዮች ባንድነት ሲሞረዱ ለስላሳው ቀድሞ ይበላና ጎድጎድ ይላል። ተለይተው ተሞርደው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ አንድ ላይ ይጠረጉ።

ጽሑፉ

ካንቤራ ላይ በ1993 የተቀበረው ወታደር ፈረንሳይ ካለው ከቪለር ብሬቶኖ አጠገብ ነው የመጣው። ከአራት ምሰሶዎች ፊት፣ በሞዛይክ ጉልላት ሥር ያረፈ ሲሆን ምሰሶዎቹ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ መስታወት፣ አንዱ ድንጋይ ናቸው። ቦታው ድንቅ ነው። ያጨቃጨቀው ጽሑፉ ነው። መቃብሩ ላይ በ1914–1918 ጦርነት የሞተ መሆኑ ተጽፎ ሳለ፣ ኋላ ደግሞ በጦርነት የሞቱትን አውስትራሊያውያን ሁሉ ይወክላል የሚል ቃል ተጨመረ። በ2013 ደግሞ እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀው የሚለውን አንስቶ በቀብሩ ቀን ከተነገረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግር ለመተካት ታስቦ ሕዝብ ሲቃወም ተተወ። ድንጋይ ላይ ቃል መለወጥ ማለት ፊቱን ጥቂት ሚሊ ሜትር መላጥ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ሁለቴ ሦስቴ አይደረግም።

ስለዚህ ቃሉ ከመቀረጹ በፊት በሕግ ይጽደቅ፤ ከ15 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። የፓሪሱ እንከን የለውም፦ ለአገሩ የሞተ ፈረንሳዊ ወታደር እዚህ አርፏል፣ 1914–1918። መቃብሩ የአንድ ጦርነት ከሆነ ዓመቱን መጻፍ ነው፤ የሁሉም ከሆነ አለመጻፍ። ፊደሉ በሦስት ማዕዘን ጎድጓዳ ይቀረጽ፣ ጥልቀቱም ከመስመሩ ውፍረት ግማሽ አይነስ። ከ6 ሜትር ርቀት በምቾት የሚነበብ ፊደል ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። የወርቅ ቅብ ውጭ አይበረክትም። በተኛ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ፊደል ውሃና አቧራ ስለሚቋጥር ድንጋዩ በሜትር 1.5 ሳንቲ ሜትር ይዘንብል፤ ዓይን አያስተውለውም፣ ውሃው ግን ይወርዳል።

ዋርሶ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። በ1925 በሳክሰን ቤተ መንግሥት ቅስቶች ሥር የተሠራው መቃብር በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች ቤተ መንግሥቱን ሲያፈነዱ በላዩ ጥቂት ቅስቶች ብቻ ቀሩለት፤ ፍርስራሹ ከየትኛውም አዲስ ሐውልት የበለጠ ይናገራል። የውጊያ ቦታዎች የተዘረዘሩባቸው ሰሌዳዎች ግን ከመንግሥት ጋር ተቀያይረዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ አንድ ዓይነት፣ ከ1990 ወዲህ ሌላ ዓይነት። ስም፣ ውጊያ፣ ክፍለ ጦር የሚዘረዘርበት ማንኛውም ነገር ይለወጣል ብሎ መነሣት ይሻላል። በሚፈታ ሰሌዳ ይሠራ፣ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አይቀረጽ። ስም የታወቀ ሰው ማስገባትም መልኩን ይለውጠዋል፤ ካይሮ በ1975 የተመረቀው ባለ ፒራሚድ መታሰቢያ ፕሬዚዳንት ሳዳት በ1981 ከተቀበሩበት ወዲህ ብዙው ጎብኚ የሚመጣው ለእሳቸው ነው።

በርሊን፣ ኖየ ቫኸ

ኖየ ቫኸ ቀድሞ የዘብ ቤት የነበረ አዳራሽ ነው። ጣሪያው መሐል ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ከሥሩ ልጇን ያቀፈች እናት ተቀምጣለች፤ ሌላ ምንም የለም። ዝናቡም በረዶውም በቀጥታ እሷ ላይ ይወርዳል። ከሁሉም መታሰቢያዎች የአየሩን ጠባይ እንደ ቁሳቁስ የተጠቀመበት ይኸኛው ብቻ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ወለሉ ውሃውን ካልሸኘ ሐሳቡ ሁሉ ኩሬ ይሆን ነበር፤ እንዲህ ያለ ክፍት ጣሪያ የሚመኝ ሰው የወለሉን መውረጃ ከቀዳዳው ስፋት ጋር አስልቶ ይጀምር። በ1969 የአንድ ያልታወቀ ወታደርና የአንድ ያልታወቀ የማጎሪያ ካምፕ ሟች አስከሬን አብረው እዚያ አርፈዋል። የምንነቅፈው የቀራጺዋን የኬተ ኮልቪትዝን ትንሽ ሐውልት በ1993 አራት እጥፍ ያህል ማሳደጋቸውን ነው፤ በክንድ የሚታቀፍ የሚያህል ሆኖ የተሠራ ቅርጽ ሲያድግ የጣት አሻራው ለስልሶ ይጠፋል።

እሳቱ

ዘላለማዊ ነበልባል ከሁሉም በላይ የሚያስወጣውና የሚያስቸግረው ክፍል ነው፤ ባይኖር እንኳ መቃብሩ አይጎድልም ባዮች ነን። ፓሪስ ላይ በ1923 ተለኩሶ በየምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል (በእነሱ 18:30) የሚቀጣጠለው ይህን ያህል የኖረው በመሣሪያው ብርታት ብቻ አይመስለንም፤ ተራ ይዘው የሚመጡ የዘማቾች ማኅበራት ስላሉት ነው። ሞስኮ በ1967 የተለኮሰው ደግሞ እሳቱ ከሌኒንግራድ በችቦ ነው የመጣው። ዴልሂ በ1972 የጀመረው እስከ 2006 በሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ቆይቶ ነው ወደ ቧንቧ የተዛወረው፤ በ2022 ደግሞ ነበልባሉ ከአዲሱ ብሔራዊ የጦርነት መታሰቢያ እሳት ጋር ተዋሐደ። የዴልሂው እስከዚያ ድረስ አንድ ብልሃት ነበረው፤ ከአራቱ ማዕዘን ማንደጃዎች ሁልጊዜ ይነድ የነበረው አንዱ ብቻ ሲሆን ሌሎቹ በብሔራዊ በዓል ቀን ይለኮሱ ነበር።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይከብዳል። ቢያፈስ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይተኛል፤ አጠገቡ የመቃብር ጓዳ ካለ አደጋው ግልጽ ነው። የጋዙ ክፍል ከጓዳው ተለይቶ፣ አየር መውጫው ከወለሉ ደረጃ ይሁን። የቧንቧ የተፈጥሮ ጋዝ ቀላል ስለሆነ መውጫው ከላይ ነው። ከአየር ጋር አብዝቶ የተቀላቀለ ጋዝ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚነድ ቀን ላይ አይታይም፤ ቢጫ እንዲሆን አየሩ ሲቀነስ ደግሞ ጥላሸት ይመጣል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ልክ የሚገኘው በቦታው ነፋስ ውስጥ በመሞከር ብቻ ነው፤ ወርክሾፕ ውስጥ የተስተካከለ በርነር ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ይሆናል። የነበልባል መጥፋትን የሚያውቅ መቆጣጠሪያ፣ በራሱ የሚለኩስ ብልጭታ፣ የመብራት መቋረጥን የሚችል ባትሪ፣ ከበርነሩ ሥር የዝናብ ውሃ መውጫ፤ ከእነዚህ አንዱ ከተረሳ እሳቱ የሚጠፋው እንግዳ በመጣ ቀን ነው።

ድንጋዩን ከእሳቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ይለየው። ግራናይት ኳርትዝ አለበት፤ ኳርትዝ ሲግል ከሌሎቹ ማዕድናት አብልጦ ያብጣል፣ በ573 ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ በድንገት። በጋለው ላይ ዝናብ ሲወርድበት ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ይነሣል። እሳቱን የሚከበው ቀለበት ባዛልት ወይም ሙቀት የሚችል ብረት ቢሆን ይመረጣል።

የአበባ ጉንጉኑ ጉዳይ በሁሉም ቦታ ተረስቷል ማለት ይቻላል። ባለሥልጣን የሚያኖረው ጉንጉን የሽቦ እግር አለው፤ ሽቦው ይዝጋል፣ ድንጋዩን ይጭራል፣ የሚበሰብሰው ቅጠልም ቡናማ ቀለም ይለቃል። ከመቃብሩ ፊት ከ1 ሜትር ያላነሰ፣ መደገፊያ ቀዳዳ ያለው፣ በእሳት የተቃጠለ ሻካራ ግራናይት ይነጠፍለት፤ ለብቻው የውሃ መውረጃ ይኑረው። ዘቡ የሚመላለስበት መስመርም ብረት በተመታ ጫማ ይፈገፈጋልና አርሊንግተን እንዳደረገው የጎማ ምንጣፍ ይዘርጋ፣ ወይም ከዋናው ወለል ተለይቶ ብቻውን የሚነሣና የሚተካ ንጣፍ ይሁን። ጨረታው ሲወጣም ከዋናው ድንጋይ ካባ ለመጠባበቂያ ቢያንስ ከመቶ አሥር እጅ ተጨማሪ ተገዝቶ ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ካባው ከተዘጋ ያንኑ ቀለም ዳግመኛ ማግኘት አይቻልም።